ጀሪካኑ የማን ነው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ልጆች «ሴት» እና «ወንድ» የሚባለውን ነገር የሚረዱት እንዴት ነው? ለዐዋቂ ሰው መልሱ ቅርብ ነው። ልዩነቱ ፈጣሪ በሰውነት ላይ ያኖረው ነው፤ ሲወለዱ ይታያል፣ አይለወጥም። ልጅ ግን እዚህ እውቀት ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የሚጀምረው ከላይ ከላዩ ነው፤ ከጸጉር አሠራር፣ ከሻሽና ከሽርጥ፣ ከድምፅ ውፍረትና ቅጥነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን ምን ተሸክሞ ከየት እንደመጣ ከማየት። ቢጫ ጀሪካን አዝላ የምትመጣው ሁልጊዜ ሴት፣ በሬ እየነዳ የሚያልፈው ሁልጊዜ ወንድ ከሆነ፣ የአራት ዓመት ልጅ ጀሪካኑን ከሴትነቱ ነጥሎ የሚያይበት ምክንያት የለውም። እኔም ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ «ሴት» ከሚለው ስም ጋር አብረን የምንሰጠው ሥራና ንግግር፣ በልጁ አእምሮ ውስጥ ሰውነት ሊይዘው የሚገባውን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ በኋላ ልቀቅ ቢሉት በቀላሉ አይለቅም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሕፃን ገና በስድስተኛ ወሩ አካባቢ የወንድና የሴትን ድምፅ ይለያል። ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ «ወንድ ነህ ሴት?» ሲባል መመለስ ይጀምራል፤ ግን «ስምህ ማነው?» ሲሉት እንደሚመልሰው ያህል ነው፣ የተነገረውን ይደግማል። ሎውረንስ ኮልበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ልጁ ከዚህ በኋላ ገና ሁለት እርምጃ እንደሚቀረው አስረድቷል። አንደኛው ጊዜን የሚመለከት ነው፤ ዛሬ ሴት የሆነች ልጅ ስታድግ እናት እንጂ አባት እንደማትሆን የሚገባው አራት ዓመት ገደማ ላይ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ልብሱ ቢቀየር፣ ጸጉሩ ቢረዝም፣ ሥራው ቢለወጥ ሰውየው ያው ሰው መሆኑን መረዳት ነው። ይህ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ሮናልድ ስላቢና ካሪን ፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1975 ትንንሽ ልጆችን የጠየቁት ጥያቄ ወደ እኛ ሰፈር ቢመጣ «ይኼ ልጅ የእህቱን ሻሽ ቢያስር ሴት ይሆናል?» የሚል ዓይነት ነው። ትንንሾቹ ሳያመነቱ «አዎ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ ሞኝነት አይደለም። ሴት ማለት ሻሽ ያሰረ ሰው ነው ብሎ የተረዳ ልጅ፣ ሻሽ ያሰረውን ሁሉ ሴት ቢል አስተሳሰቡ የተስተካከለ ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው።

ሳንድራ ቤም የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንን የሚያሳይ፣ ሰውን ሁሉ ያሳቀ አንድ ገጠመኝ ጽፋ ትታለች። ትንሹ ልጇ የጸጉር ጌጥ አድርጎ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይሄዳል። አንዱ ጓደኛው «አንተ ሴት ነህ፣ ይህን የሚያደርጉት ሴቶች ብቻ ናቸው» እያለ ቀኑን ሙሉ ያደክመዋል። ልጁ ወንድነት በሰውነት እንጂ በጸጉር ጌጥ እንዳልሆነ ከቤቱ ተምሯልና ያስረዳል፤ አልሰማ ሲለው በመጨረሻ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ማስረጃውን ያቀርባል። ጓደኛው ግን ፍንክች አላለም፤ እሱ እኮ ሁሉም ሰው ያለው ነገር ነው፣ ጌጡ ግን የሴት ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። ቤም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ጥናት፣ በሰውነት ያለውን ልዩነት በትክክል የሚያውቁ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች፣ ልብስ ቢቀያየርም ወንዱ ወንድ፣ ሴቷ ሴት ሆና እንደምትቀር ከሌሎቹ በጣም በበለጠ ሁኔታ ተረድተው አግኝታቸዋለች። እንግዲህ ልጁን ረጅም ጊዜ ግራ የሚያጋባው የእውነቱ መወሳሰብ አይደለም፤ እኛ ነውር ነው ብለን በጨዋ ቃል እንኳ አለመንገራችን ነው። ክፍተቱንም ልጁ በሻሽና በጀሪካን ይሞላዋል።

እኛ ባለንበት በከሚሴ ከተማ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እዚህ ያለ ልጅ ሁለት ቋንቋ እየሰማ ያድጋል፤ የሁለቱም ሰዋስው ወንድና ሴትን የሚለይበት ቦታ የተለያየ ነው። አማርኛ ልጁን ፊት ለፊት ሲያናግረው ይለያል፤ «ና» እና «ነይ»፣ «ብላ» እና «ብዪ»፣ «አንተ» እና «አንቺ» ሳይባል ቀን አይመሽም። አፋን ኦሮሞ ግን ለሚያናግሩት ሰው ወንድ ሴት አይልም፤ «አቲ» ለሁለቱም ነው፣ ልጅ ሲጠራም «ኮቱ» ለሁለቱም ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ስለ ሦስተኛ ሰው ሲወራ ነው። ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ነገር ግን አሌክሳንደር ጊዮራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት በዕብራይስጥ፣ በእንግሊዝኛና በፊንላንድኛ አፋቸውን የፈቱ ሕፃናትን አነጻጽረዋል። ዕብራይስጥ እንደ አማርኛ «አንተ»ን ከ«አንቺ» ይለያል፤ ፊንላንድኛ «እሱ» እና «እሷ» እንኳ አንድ ቃል ናቸው። ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን ቀድመው ያወቁት የዕብራይስጦቹ ልጆች ነበሩ፤ የፊንላንዶቹ የመጨረሻ ሆኑ። በኋላ ግን ሁሉም ደረሱበት። ቋንቋ ሰዓቱን ያፈጥናል፣ ያዘገያል እንጂ መድረሻውን አይወስንም። አማርኛ የሚሰማ ልጅ «የአንቺ» እና «የአንተ» የሚል ክፍፍል በቀን መቶ ጊዜ ይሰማል ማለት ነው፤ ስለዚህም በዚያ ክፍፍል ውስጥ ምን እንደምንጨምርበት መጠንቀቅ ይገባናል። በነገራችን ላይ እናት ትንሹን ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ» ስትለው ተኮሳትሮ «እኔ ወንድ ነኝ!» የሚለው፣ ወንድ መሆኑን የሚያውቅበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ነው።

ታዲያ በክፍፍሉ ውስጥ የምንጨምረው ምንድን ነው? ባቲ ሰኞ ገበያ የቆመ ሰው ዙሪያውን ቢያይ መልሱን ያገኘዋል። የኦሮሞ፣ የአማራና የአፋር ሰው በአንድ ሜዳ ይገናኛል። እኛ ዘንድ ቤት መሥራት የወንድ ሥራ ነው፤ ምሰሶ የሚያቆመው፣ ጣሪያ የሚከድነው ወንድ ነው። ከገበያው ማዶ ቆላ ሲወርዱ ግን ዳቦይታ የሚባለውን የአፋር ቤት እንጨቱን አጉብጣ፣ ሰሌኑን አልብሳ የምታቆመው ሴቷ ናት። ሽመናንም እንውሰድ። ጥጡን በእንዝርት የምትፈትል ሴት፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ድርና ማጉን የሚያጋጥም ወንድ ነው፤ በኢትዮጵያ ሸማኔ ሲባል በልባችን የሚመጣው ወንድ ነው። በጓቲማላ የማያ ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ሽመና ልጃገረድ ከእናቷ የምትማረው የሴት ሙያ ነው። ሸክላ እኛ ዘንድ የሴት ነው፤ በሕንድ መንደሮች መንኮራኩር እያሽከረከረ የሚሠራው ወንድ ነው። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። በየከተማችን ዳቦ ቤት ሊጡን አቡክቶ፣ ቅርጽ አስይዞ ምድጃ የሚከተው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋውም ወንድ ነው። እነዚሁ ወንዶች ቤታቸው ሲገቡ ምጣድ አጠገብ መቆምም ሆነ ቁልፍ መትከል ነውር ይሆንባቸዋል። ልጅ ይህን ያያል፤ «አባባ ዳቦ ይጋግራል፣ ለምን እንጀራ አይጋግርም?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያሳምነው መልስ አናገኝለትም። የሚጠይቁት ግን ጥቂት ናቸው፤ ምክንያቱም ልጅ አንዴ ትርጓሜውን ከያዘ በኋላ ትርጓሜውን የሚያፈርስ ነገር ማየት ያቆማል።

ይህን ስል ከባዶ ተነሥቼ አይደለም። ካሮል ማርቲንና ቻርልስ ሃልቨርሰን እ.ኤ.አ. በ1983 አምስትና ስድስት ዓመት ለሆናቸው ልጆች ሥዕሎች አሳዩ። አንዳንዶቹ የተለመደውን የሚያሳዩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ተቃራኒውን፣ ለምሳሌ እንጨት በመጋዝ የምትቆርጥ ሴት ልጅ። ከሳምንት በኋላ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ እንጨት ይቆርጥ የነበረው ወንድ ነው አሉ። ሥዕሉን አላዩትም ማለት አይደለም፤ አይተውታል፣ ግን ካላቸው ትርጓሜ ጋር አልገጥም ሲላቸው ሰውየውን ቀየሩት። ትልቅ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ጆንና ሳንድራ ኮንድሪ እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ሕፃን ከሳጥን ውስጥ ድንገት ብቅ በሚል አሻንጉሊት ሲደነግጥና ሲያለቅስ የሚያሳይ ፊልም ለተመልካቾች አሳይተው፣ ለገሚሱ ወንድ ነው፣ ለገሚሱ ሴት ናት አሏቸው። ወንድ ነው የተባሉት ለቅሶውን ቁጣ ነው አሉ፤ ሴት ናት የተባሉት ፍርሃት ነው አሉ። ልቅሶው አንድ ነው፣ ሕፃኑም አንድ ነው። እንዲህ ከሆነ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምንለው፣ ሴቷን ደግሞ «አይዞሽ» ብለን የምናቅፋት፣ ልጆቹ ተለያይተው ተወልደው ሳይሆን እኛ ለያይተን ሰምተናቸው ሊሆን ይችላል።

የንግግሩም ነገር እንደ ሥራው ነው። «ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት፣ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውም፣ ለትልቅ ሰው ጆሮ ያረጀ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን መረጃ ነው። ሊን ቢያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ የአምስት ዓመት ወንዶችም ሴቶችም «በጣም ብልህ» የሚባለው ሰው ከየራሳቸው ወገን እንደሆነ ይገምታሉ። ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ ሲደርሱ ይህ ግምት በሴቶቹ ዘንድ ይቀንሳል፤ ብልህ ሰው ምረጡ ሲባሉ ከወንዶቹ ባነሰ መጠን የራሳቸውን ወገን ይመርጣሉ፤ «በጣም ብልህ ለሆኑ ልጆች» የተባለ ጨዋታም ከወንዶቹ ባነሰ መጠን ይስባቸዋል። የሚያስደንቀው፣ በትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት የሚያመጡት ሴቶች እንደሆኑ ሲጠየቁ በትክክል ያውቁታል። ውጤቱን እያዩ ብልህነቱን ከራሳቸው አራቁት። የእኛ ሴት ልጆች ለዚህ የሚሆን ተረት ከአሜሪካኖቹ ይልቅ በብዛት የተሰናዳላቸው ስለሆነ፣ አንደኛ ክፍል የምትገባዋን ልጅ ስንልክ አስቀድመን የነገርናትን እናስብ።

አሁን የሚነሡብኝን መቃወሚያዎች ልመልከት። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ተፈጥሮ ነው፤ ወንድ ልጅን ማንም ሳያስተምረው ዱላና መኪና ያነሣል» የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት ነውና አልክደውም። በማኅፀን ሳሉ በሕመም ምክንያት የወንድ ሆርሞን የበዛባቸው ሴት ልጆች ወደ ወንዶች መጫወቻ ያዘነብላሉ፤ በጦጣዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ዝንባሌ ታይቷል። ሰውነት በጨዋታ ምርጫ ላይ እጁ አለበት። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ውኃ መቅዳት በተፈጥሮ የሴት ነው የሚል ሰው አንድ ነገር ያስረዳኝ። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ሥራ የሚከፋፈለው በጉልበት ቢሆን ኖሮ ጀሪካኑን የሚያዝለው ወንዱ በሆነ ነበር፤ የእንጨት ሸክሙንም እንደዚያው። ከባዱን ሸክም ለደካማው ጀርባ ሰጥተን «ተፈጥሮ ነው» ስንል፣ ተፈጥሮ ያላለችውን እያስባልናት ነው። ልጅም የሃያ ኪሎውን ክብደት ያያል፤ ግን ከእኛ ቃል ጋር ስለማይገጥምለት ሚዛኑን ትቶ ቃሉን ይይዛል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከሃይማኖትና ከባህል በኩል ይመጣል፤ በእኛ አካባቢ ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም፣ ሊሆንም አይገባም። ወንድና ሴት በሸሪዓው የየራሳቸው ኃላፊነት አላቸው፤ ይህን የሚነካ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ነገር ግን የቤት ሥራ መሥራት ወንድን ያዋርዳል የሚለውን ከየት አመጣነው? የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት እናታችን ዓኢሻ፣ ነቢዩ በቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል፤ ልብሳቸውን መጣፋቸው፣ ጫማቸውን መጠገናቸውም እንዲሁ። ሌላዋ ባለቤታቸው ኸዲጃም ነጋዴ ነበሩ። ባህሉም ቢሆን ከምናስበው ይሰፋል። በወሎ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉና ሲመርቁ፣ ወንዱም አንገቱን ደፍቶ «አሚን» ይላል። ትንሿ ልጅ ሴትነት ማለት ምርቃቱ የሚፈለግ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው መሆን እንደሆነ እዚያ ታያለች። ባህላችን ይህንንም ጀሪካኑንም ይዟል፤ ለልጅ አብዝተን የምናሳየው ግን ጀሪካኑን ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ ሲነገር ድምፁ ዝቅ ይላል፤ «ወንዱን ማጀት ብናስገባው ሴታሴት ይሆንብናል» የሚል ፍርሃት ነው። ሴት ልጅን «ወንዳወንድ» ሲሏት ውስጡ ሙገሳ አለበት፤ «ሴታሴት» ግን ሙሉ በሙሉ ስድብ ነው። ወንዶች ልጆች ይህን ልዩነት በጣም ቀድመው ያውቁታል፤ ከሴቶቹ ይልቅ ክልላቸውን የሚጠብቁትም ለዚህ ነው። ስለ ፍርሃቱ ግን በአፍሪካችን የተደረገ ጥናት አለን። ካሮል ኤምበር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኬንያ በሉዎ ሕዝብ መካከል የተሠራ ነው። በዚያ አካባቢ በቤቱ ሴት ልጅ ያጣች እናት ወንዱን ልጇን የሴት ሥራ ታሠራዋለች። ተመራማሪዋ እነዚህን ልጆች ሥራ ላይ በሌሉበት ሰዓት ስታስተውላቸው፣ ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ ጠብ የማያበዙና ለሌላው የሚያስቡ ሆነው አገኘቻቸው። ወንድነታቸው የትም አልሄደም፤ የቀነሰው ድብድቡ ነው። ይህን ጉዳት የሚል አባት ካለ ልጁ ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ ቢነግረን ጥሩ ነው። ልጁ ግራ ይጋባል ለሚሉም፣ የልጆች ግትርነት አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ጫፍ ደርሶ ከዚያ እንደሚላላ በጀርመን ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው ሃንስ ማርቲን ትራውትነር አሳይቷል። መላላቱ ግን ልጁ በሚያየውም ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል፤ የሚያላላው ነገር ካላየ የሚላላበት ምክንያት የለም።

የሚታይ ነገር ምን ያህል እንደሚሠራ በአገራችን ሩጫ ይመሰክራል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ኢትዮጵያዊ ልጅ «ሴት ትሮጣለች?» የሚል ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አላስተማረውም፤ አየ፣ በሬዲዮም ሰማ። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋልም እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ የመንደር ምክር ቤት መሪነትን ሲሶ ለሴቶች መድቦ ነበር። ሎሪ ቢማን፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳተሙት፣ በተከታታይ ሴት መሪ በነበራቸው መንደሮች ልጃገረዶች በትምህርት ከወንዶች የነበራቸው ልዩነት ጠፍቷል፤ በቤት ሥራ የሚያጠፉት ጊዜም ቀንሷል። በእኛ አገር ከ2002 ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 3 ሺህ ልጆችን የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት፣ ሴቶቹ በቤት ሥራና ሕፃን በመጠበቅ፣ ወንዶቹ በከብትና በእርሻ እየተለያዩ እንደሚሄዱ አሳይቷል፤ ትንሽ ሳሉ ግን ሥራቸው ይበልጥ ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚሰፋው እያደጉ ሲሄዱ ነው፤ ስለዚህ የምንጀምርበት ዕድሜ ያው ትንሽነታቸው ነው።

ለአባቶችና ለእናቶች አንድ የቤት ሥራ ልስጥና ላብቃ። ልጃችሁ «ወንድ እንጀራ አይጋግርም» ሲላችሁ አትቆጡ፣ አትሳቁበትም። «ቢጋግርስ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሆናል። አራት ዓመት የሆነው «ሴት ይሆናል» ሊላችሁ ይችላል፤ ይህ ልጅ ሰውነትንና ሥራን ገና አልለየም፣ የጎደለውን በጨዋ ቃል ንገሩት። ስድስት ዓመት የሆነው «አይሆንም፣ ግን ነውር ነው» ይላል፤ ይኸኛው ሰውነቱን ለይቷል፣ የቀረው ነውር ነው የሚለው ነው፣ ያንን ደግሞ ከማን እንደሰማው እናንተ ታውቃላችሁ። ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት የሆነው «ምንም አይሆንም፣ ግን እኛ ቤት ማንም ወንድ ሲጋግር አላየሁም» ብሎ ሊመልስላችሁ ይችላል። ለዚህኛው ልጅ የሚሰጠው መልስ በንግግር አይደለም፤ ነገ ጠዋት ውኃ ሲያልቅ ጀሪካኑን ማን እንደሚያነሣ ቆሞ ያያልና።